«ሐበሻ ስለሆንሽ አንቺ አስተርጉሚላት» ስትባዪ፦ በሄድ ስታርት ለምትለማመድ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ናት። ኮሌጅ ውስጥ የቅድመ ልጅነት ትምህርት እየተማረች በአንድ የሄድ ስታርት ማዕከል (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች በፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ ነፃ የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም ነው) የተግባር ልምምድ ላይ ትገኛለች። እንዲህ ትላለች፦ «አማርኛ ስለምችል ሐበሻ ወላጅ በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። እናቶቹ ስልክ ቁጥሬን ወስደዋል። ማታ ማታ እየደወሉ ‹ፎርም ሙይልን፣ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ደውይልን› ይሉኛል። እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። አሁን ደግሞ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖት ከጥቂት ቃላት በላይ የማይናገር ልጅ አለ። እናቱ ‹አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው› ትላለች። ልጁ ይገምገም ተብሎ ስብሰባ ተጠርታለች፤ እኔ እንዳስተረጉምላት ተነግሮኛል። እሷም ‹አንቺው ሁኚልኝ፣ ሌላ ሰው አልፈልግም› ብላኛለች። የእኔ ድርሻ እስከ የት ድረስ ነው?»

እህቴ፣ ቀን የተቆረጠለት ስብሰባው ስለሆነ ከሱ ልጀምር። አታስተርጉሚ። ቋንቋሽ አንሶ አይደለም። እናትየዋን ታውቂያታለሽ፣ ታዝኚላታለሽ፤ ችግሩ እሱ ነው። ባለሙያዋ «ልጁ በንግግር ከእኩዮቹ በብዙ ወደ ኋላ ቀርቷል» ስትል፣ አንቺ የእናትየዋን ፊት አይተሽ «ትንሽ ይቀረዋል ነው የሚሉት» ትያለሽ። ክፋት የለበትም፤ ማንኛችንም ብንሆን እናደርገዋለን። ነገር ግን ያቺ እናት የምትፈርመው ወይም አልፈርምም የምትለው ባለሙያዋ ባለችው ላይ ሳይሆን አንቺ ባለሰለስሽው ላይ ይሆናል። ኋላ እውነቱን ስትሰማ የምትወቅሰው ማንን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሕጉም ከጎንሽ ነው። አይዲኢኤ የሚባለው የፌዴራል የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ ወላጅ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ የማድረግ ግዴታን የጣለው በካውንቲው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ላይ ነው፤ አስተርጓሚ ማቅረብም በዚያ ውስጥ ይገባል፤ ወጪው ወላጅን አይመለከትም። ፈቃዷም ፈቃድ የሚባለው ጉዳዩ በራሷ ቋንቋ ከተነገራት በኋላ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሁሉ በትውልድ አገሩ፣ በዚያም የተነሳ በቋንቋው፣ ሰው እንዳይገለል የሚከለክለው በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ አለበት። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ብርቅ ነገር አይደለም፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለወላጆች የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በአማርኛም ያዘጋጃል። (ዲሲ ላላችሁ፦ እዚያ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች ጋር ይዞታል።) ስለዚህ ለሱፐርቫይዘርሽ «እኔ ተለማማጅ ነኝ፤ ለዚህ ስብሰባ የሠለጠነ አስተርጓሚ ይጠየቅልን» ብለሽ ዛሬውኑ በኢሜይል ጻፊ። በቃል ብቻ አትንገሪ። አስተርጓሚ ቀደም ብሎ ካልተያዘ በዕለቱ ስለማይገኝ ዞሮ ዞሮ አንቺው ትጎተቻለሽ።

እናትየዋ «ሌላ ሰው አልፈልግም» ያለችው ለምን ይመስልሻል? አንቺን ስለወደደች ብቻ አይደለም። ሐበሻ በሚበዛበት በካውንቲው ከተማ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣው አስተርጓሚ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የምታየው ሰው ሊሆን ይችላል። ወይ የባሏ የሥራ ባልደረባ ሚስት። የልጇ ጉዳይ መርካቶ እንዳይሆንባት ነው የምትፈራው፤ ልክም ናት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚያስተረጉም፣ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ይጠየቅላት። ስሟን አያውቅም፣ ሠርግ ላይም አያገኛትም። ይህን ስትነግሪያት ትከሻዋ ሲወርድ ታያለሽ።

ከስብሰባው ግን ሙሉ በሙሉ ቅሪ ማለቴ አይደለም። ወላጅ ልጁን የሚያውቅ ሰው ይዞ የመግባት መብት አለው፤ እሷ ከፈለገች፣ ሱፐርቫይዘርሽም ከፈቀደች፣ አጠገቧ ተቀመጪ። ዋናው ሥራሽ ግን ከስብሰባው በፊት ያለው ቀን ላይ ነው። አብራችሁ ቁጭ በሉና ጥያቄዎቿን በአማርኛ በራሷ እጅ ትጻፍ። «ምርመራውን የሚያደርገው ማነው? በየትኛው ቋንቋ? ስንት ሰዓት ይፈጃል? እኔ አብሬ መግባት እችላለሁ?» የመሳሰሉትን። አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ትወቅ፦ መጀመሪያ የምትፈርመው ለምርመራው ብቻ ነው፤ አገልግሎት ለመጀመር ሌላ ፊርማ ይጠየቃል፣ ሐሳቧንም መቀየር ትችላለች። ምርመራው እሷ ከፈረመች በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ብዙ ሐበሻ ወላጅ «ከፈረምኩ ልጄ ላይ ማኅተም ይመታበታል» ብሎ ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይከርማል።

አሁን ወደ ልጁ። «አባቱም የፈታው ዘግይቶ ነው» ስትልሽ አትከራከሪያት። ይህን አባባል እንደ ሽሽት የሚያዩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። በቤተሰብ ውስጥ ዘግይቶ የተናገረ ሰው መኖሩ የንግግር ባለሙያ ራሷ የምትጠይቀው ነገር ነው። «ይሄማ ጥሩ መረጃ ነው፤ አባቱ በስንት ዓመቱ ተናገረ? ትምህርት ላይስ እንዴት ነበር? ጽፈን እንስጣቸው» በያት። የምትከላከልበትን ነገር ይዛው ወደ ስብሰባው ትገባለች፤ ያኔ እሷም መረጃ ሰጪ እንጂ ተከሳሽ አትሆንም።

ከዚያ ፋይሉን ክፈቺ፣ ወይም እንዲከፈት ጠይቂ። በሄድ ስታርት ደንብ አንድ ልጅ ትምህርት ከጀመረ በ45 ቀን ውስጥ የዕድገት ማጣሪያ፣ የመስማትና የማየት ምርመራም ሊደረግለት ይገባል። የዚህ ልጅ የመስማት ምርመራ ተደርጓል? ውጤቱ ምን ይላል? ልጁ አልቅሶ ስላስቸገረ «እንደገና ይሞከር» ተብሎ የተረሳ ስንት አለ። ጆሮው እየደጋገመ የሚታመም፣ ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ የሚቋጥር ልጅ ድምፁን የሚሰማው ታፍኖ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ደግሞ አጥርቶ መልሶ መናገር ይከብዳል። ሌላው ሁሉ ከመታሰቡ በፊት ይህ ይጣራ።

«እንግሊዝኛ ብቻ አውሩለት፣ ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው» የሚል ሰው ሳይመጣባት አልቀረም። አንዳንዴ የሚለው ጎረቤት ነው፤ አንዳንዴ፣ ይቅር ይበላቸውና፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት አያመጣም። በእውነት የዘገየ ልጅ የሚዘገየው በሁለቱም ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቃላቱ ሲቆጠሩ የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም አንድ ላይ ይቆጠር፦ «ውሃ»ም ቃል ነው፣ «ኖ»ም ቃል ነው። እንግሊዝኛዋ ለሥራ ያህል የሆነ እናት በእንግሊዝኛ ብቻ ታውራ ከተባለች ከልጇ ጋር የምታወራው «ካም ሂር»ና «ስቶፕ» ብቻ ይሆናል። ተረቱ ይቀራል፣ እሹሩሩው ይቀራል፣ የአያት ጨዋታ ይቀራል። ሕጉም ቢሆን ልጁ በሚናገረው ቋንቋ እንዲመረመር ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ብቻ «ችግር አለበት» ሊባል አይችልም።

የማጣሪያ መጠይቁን ከወላጅ ጋር ስትሞሉ ብዙ ታያለሽ። «ኤጅስ ኤንድ ስቴጅስ» የሚባለው መጠይቅ በብዙ ማዕከል ይሠራበታል፤ የሚሞላው ወላጅ ነው፤ መልሱም «አዎ»፣ «አንዳንዴ»፣ «ገና» ነው። እናቶቻችን ሁሉንም «አዎ፣ ይችላል» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ልጅን በሰው ፊት ማሳነስ ደስ አይልምና። በሌላ በኩል «በሹካ ይበላል?» ሲባሉ «አይበላም» ይላሉ፤ ልጁ ሹካ ይዞ ስለማያውቅ ነው እንጂ፣ እስከ አምስት ዓመቱ በጉርሻ ቢያድግ ማን ሊፈርድ ነው? እንዲህ ሲሆን «ገና» ብለሽ አትለፊ፤ ቤት ይሞክሩትና በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱበት።

«ይናገራል?» ብለሽ ከመጠየቅ ይልቅ «ውሃ ሲጠማው ምን ያደርጋል?» በይ። አንዲት እናት ይህን ስትጠየቅ ጥቂት አሰብ አደረገችና «እጄን ይዞ ፍሪጁ ጋ ያደርሰኛል፤ እጄን በሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኔን ግን አያየኝም» አለች። ከዚያ በፊት «ሁሉንም ይነግረኛል» ነበር ያለችው፤ አልዋሸችም፣ እሷ ይገባታል። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ በእሷ ቃል ጻፊው። ትርጉም አትስጪው። «ኦቲዝም» የሚለው ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ ብትጠረጥሪም፣ ብትጠየቂም። «እኔ ይህን ለማለት ሙያው የለኝም፤ ለዚሁ ነው ባለሙያ እንዲያየው የምንፈልገው» በቂ መልስ ነው። የሰው ዓይን በልቶት ነው ብለው ጸበል ቢወስዱትም አትሟገቺ፤ ጸበሉም ይቀጥል፣ ቀጠሮውም አይቅር።

ስልኩን በተመለከተ ነገሩ ከነውር በላይ ነው። አንቺ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ትሄጃለሽ፤ ሜዲኬይዱ ግን በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። አንቺ ማታ በግል ስልክሽ የጨረስሽው ጉዳይ ማዕከሉ ፋይል ላይ የለም፤ ስለዚህ ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው ከዜሮ ይጀምራል። የማዕከሉ የቤተሰብ አገልግሎት ሠራተኛ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ደንቡም ከየቤተሰቡ ጋር ተቀምጣ ቤተሰቡ ራሱ የመረጠውን ግብ እንድትይዝና እንድትከታተል ያዛታል። ስሟን ለእናቶቹ ንገሪ፤ አብረሽ ወስደሽ አስተዋውቂ። «እሷ እኮ አማርኛ አትችልም» ይሉሻል። እሷም አስተርጓሚ መስመር ላይ ትደውላለች።

እምቢታሽን በአማርኛ ለማለት ይህን ሞክሪ፦ «እትዬ፣ ይሄን ዛሬ እኔ ብጨርስልዎት ነገ እኔ ስሄድ ይቸገራሉ። ሰኞ ልጁን ሲያመጡ አብረን እንደውላለን።» ሰኞ ሲመጡ ስልኩን የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ድምፁ በስፒከር ይሁን፤ አንቺ አጠገባቸው ነሽ። የሚያስፈልጋቸው «አምሐሪክ፣ ፕሊዝ» ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀን ስልኩን ወደ አንቺ ይገፉታል፤ መልሰሽ ግፊው። አስተርጓሚው መስመር ላይ ገብቶ «እንደምን ዋሉ» ሲላቸው የሚያሳዩትን ፊት አንቺው ታዪዋለሽ። በሁለተኛው ጊዜ አይጠሩሽም። በልምምድ ጊዜሽ ለሁለት እናቶች ይህን ብቻ ብታስችዪ፣ ከሞላሻቸው ፎርሞች ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ሠርግ፣ ሐበሻ ምግብ ቤት መገናኘታችሁ አይቀርም። ሰላምታ እንጂ የልጅ ጉዳይ አታንሺ፤ እሷ ብታነሳም «ማክሰኞ እናወራለን» በያት። የልጆቹን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ማጋራት የሚባል ነገር የለም፤ ፊታቸው ቢሸፈንም እንኳ።

የቤት ጉብኝት ላይ ይወስዱሽ ይሆናል። በማዕከል ለሚማር ልጅ መምህሩ በዓመት ቢያንስ 2 ጊዜ ቤት ይሄዳል፤ ቤት ለቤት በሚሰጠው ፕሮግራም ደግሞ ጉብኝቱ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ብቻሽን አትሂጂ። ቀጠሮ ስትይዢ የቤቱን ፈረቃ ጠይቂ፦ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ አባት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በር ሲንኳኳበት ቀኑን ሙሉ ይበሳጫል። ስትደውዪም ጉብኝቱ ምን እንዳልሆነ ቀድመሽ ተናገሪ፤ «ቤት ልናይ፣ ፍሪጅ ልንከፍት አይደለም፤ ልጁ ምን እንደሚወድ ልታሳዩን ነው» በይ። ይህ ካልተነገረ ቤቱ ሌሊቱን ሲጸዳ ያድራል፣ እናትየዋም የምትቀበልሽ እንደ ፖሊስ ነው።

ቡና መፈላቱ አይቀርም። መምህርቷ ለመሄድ እያየች ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያት፦ አቦሉን ሳይጠጡ መውጣት ቅር ያሰኛል፣ ለበረካ መቀመጥ ደግሞ የሚቀጥለውን ቤተሰብ ቀጠሮ ያበላሻል። አቦሉን ጠጥታችሁ መርቃችሁ ተነሱ። ቡናው ሲፈላ ግን ዓይንሽ አያት ላይ ይሁን። ፎርሙ ላይ እናትና አባት ተጽፈዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው ግን ከአገር ቤት የመጡት እማማ ናቸው። የትኛውን ዘፈን እንደሚወድ፣ መቼ እንደሚያለቅስ፣ ስልክ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያፈጥ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ማንም ስለማይጠይቃቸው ዝም ብለዋል። ጠይቂያቸው።

ሁለት ከባድ ነገሮች አሉ። አንደኛው ሪፖርት ማድረግ ነው። በሜሪላንድ ሕግ የሕፃን ጥቃት ወይም ቸልተኝነት አለ ብሎ ለማመን ምክንያት ያገኘ የትምህርት ባለሙያ ወዲያውኑ በቃል፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ደግሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መመርመር የአንቺ ሥራ አይደለም፤ ወዲያው ለሱፐርቫይዘርሽ ነግረሽ ሪፖርቱ መድረሱን አረጋግጪ። እናት «ልንገርሽ ግን ለማንም እንዳትናገሪ» ስትልሽ፣ ከመናገሯ በፊት «ስለ ልጅ ደኅንነት ከሆነ ለብቻዬ መያዝ አልችልም» በያት። ነግራሽ ካበቃች በኋላ ብትያት ክህደት ነው የሚመስላት። ማዕከሉ ውስጥ ደግሞ ልጅን መቆንጠጥ፣ መምታት፣ በምግብ መቅጣት ለሠራተኛም ለተለማማጅም ፈጽሞ ክልክል ነው። አገር ቤት ያደግንበት ጆሮ መቆንጠጥ በቀልድም አይሞከርም።

ሁለተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። «ልጄን እዚህ ማስገባቴ ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል?» ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። አትመልሺ። ሕጉ እየተንቀሳቀሰ ነው፦ ጁላይ 2025 ላይ የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ሄድ ስታርትን ለስደተኞች ከተገደቡ ጥቅማጥቅሞች ጋር የሚመድብ ማስታወቂያ አወጣ፤ ብዙ ስቴቶች ከሰሱ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይም ፍርድ ቤቶች አገዱት። ይህን የሚከታተል ጠበቃ ነው። ማዕከሉ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶች ዝርዝር እንዳለው ጠይቂ፤ ካለው ዝርዝሩን ስጪ። ቴሌግራም ላይ ያነበብሽውን ግን አትንገሪ።

አንድ ነገር ከጥያቄሽ ውጪ ልጨምር። እናቶቻችን ሄድ ስታርትን እንደ ምጽዋት ነው የሚያዩት፤ «እግዜር ይስጣቸው» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ፤ ቅር ያላቸውን ነገር አይናገሩም። ፕሮግራሙ ግን እንደዚያ ተብሎ አልተሠራም። በ1965 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ጊዜ የስምንት ሳምንት የክረምት ፕሮግራም ሆኖ ሲጀመር ጀምሮ ወላጅ ውሳኔ ውስጥ እንዲገባ የታሰበ ነው። ዛሬም እያንዳንዱ ፕሮግራም ፖሊሲ ካውንስል የሚባል ምክር ቤት አለው፤ ከአባላቱ አብዛኞቹ ልጆቻቸው እዚያው የሚማሩ ወላጆች መሆን አለባቸው፤ በበጀትና በሠራተኛ ቅጥር ጉዳይ ላይ ድምፅ አላቸው። ምርጫው የሚካሄደው ትምህርት ሲከፈት አካባቢ ነው። ከምታውቂያቸው እናቶች ውስጥ አንዷ ዕቁብ ሰብሳቢ፣ የማኅበር ጸሐፊ የሆነች አትጠፋም፤ ስብሰባ መምራት ከማንም በላይ ትችላለች። ወረቀቱን ለእሷ ስጪያት፣ አስተርጓሚ እንደሚቀርብላትም ንገሪያት።

ስለ ራስሽም፦ የሰዓት ወረቀትሽን በየቀኑ አስፈርሚ። ለኮሌጅሽ ብቻ አይደለም። ሄድ ስታርት ከወጪው 20 በመቶውን ከፌዴራል ውጪ እንዲያሟላ ይጠበቅበታል፤ የበጎ ፈቃደኛ ሰዓትም በገንዘብ ተተምኖ እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። «ስታስተረጉሚ» የዋልሽባቸውን ሰዓቶች ለይተሽ ጻፊ፤ ለኮሌጅ አስተማሪሽ አሳዪያት። የተላክሽው ልምምድሽን ከልጆች ጋር እንድትጨርሺው እንጂ ስልክ ላይ እንዲያልቅ አይደለም፤ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲታይ ንግግሩን እሷ ትጀምርልሻለች።

በዓል ሲደርስ ስጦታ ይመጣል። ድፎ ዳቦ ከሆነ የሠራተኞቹ ክፍል አስቀምጠሽ ለሁሉም ቁረሺ። ብር ያለበት ፖስታ ከሆነ ግን እዚያው በእጃቸው መልሺና «እኛ እንዳንቀበል ሕግ አለብን» በይ፤ ለሱፐርቫይዘርሽም በዚያው ቀን ንገሪ።